የግራ ክንፍ በሬን ስላለመክፈቴ

ይድረስ ለክቡር የከተማችን ከንቲባ፣

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ በክረምቱ ጉልበታቸውን ታመው የነበሩት እናትዎስ ተሻላቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ከወገቤና ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። የከተማ ሙሉ ጉዳይ በትከሻዎ ላይ ሳለ የአንዲት ባልቴት ወሬ መጨመር ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአዳራሹ ውስጥ ዋናውን መንገድ ለማነቃቃት የነዋሪው አስተያየት እንደሚያስፈልግ ገልጸው፣ በዕለቱ ያልተናገረ ሰው ቆይቶም ቢሆን ሐሳቡን እንዲሰጥ በትሕትና ስለጋበዙን፣ ያን ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የወጣሁት እኔ ይኸው ቆይቼ መናገሬ ነው። ደብዳቤውን በመናኸሪያውና በገበያው መግቢያ እንዲለጠፍ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በእጅ የሰጠነው ሁሉ መዝገብ ቤት ገብቶ እንቅልፍ ስለሚወስደው፣ ይህኛው እንኳ እንደ መንገዳችን ነቅቶ እንዲቆይ ብዬ ነው።

የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙበት ይቅር ይበሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን፣ ሟቹ ባለቤቴ አበራ ላምቤቦ ምስማር የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ከመቀደዱ በፊት ቀድሜ እያነበብኩ ነው። በዚህም ምክንያት የብዙ ነገር መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን ሳላውቅ አርጅቻለሁ።

ሱቄን ምናልባት ያስታውሱት ይሆናል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወርዱ በስተቀኝ፣ ከፈትሁዲን የጨርቅ ሱቅ ቀጥሎ ያለው፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ ገመድና ጆንያ የሚሸጥበት፣ ከሁለቱ የእንጨት ክንፎች የግራው ሁልጊዜ የተዘጋው ነው። እርስዎ የፈረሙበት ማስጠንቀቂያ የደረሰኝም ስለዚሁ ክንፍ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልከፈትኩት ሱቁ እንደሚታሸግና ቦታው «ማልማት ለሚችል አካል» እንደሚተላለፍ በሁለት መስመር ተገልጾልኛል። ስለ አጭርነቱ አመሰግናለሁ። እኔ ግን እንደ ቢሮዎ አጭር አድርጎ የመጻፍ ስጦታ ስለሌለኝ፣ ወደ በሩ ከመድረሴ በፊት የተጠየቅሁትን የነዋሪነት አስተያየት በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ስብሰባው። ነዋሪውን ሰብስቦ መጠየቅ በከተማችን ያልተለመደ ነገር ስለሆነ፣ በመጠየቃችን ብቻ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ጎረቤቴ ፈትሁዲን ተነሥቶ፣ «ክቡር ከንቲባ፣ መንገዱ አልተኛም፤ ሰዉ ነው የሄደው። ከሾኔም ከሞርሲቶም ለገበያ የሚመጣልን ዛሬ ሽማግሌና ሴት ብቻ ነው። ጎረምሳው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ነው ያለው። መብራቱን የምትሰቅሉት ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥላም የሟቹ የባለግሮሰሪው የተክለጊዮርጊስ ሚስት፣ ከፊት ለፊቴ የምትኖረው ከበቡሽ፣ «እኔ መብራትም አልል፣ ምንም አልል፤ ሽንት ቤት ነው የምለው። ከአንጋጫ ቅቤ ተሸክማ የመጣች ሴት ቤቷ እስክትመለስ ጨንቋት ነው የምትውለው። መጀመሪያ እሷን አሳርፉልን» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ እርስዎም ከልብዎ ሲስቁ አይቼ ደስ አለኝ። ከዚያም አስተያየታችን ሁሉ «እንደ ግብዓት መወሰዱን» ነገሩን። በእርግጥም ተወስዷል፤ እስከ ዛሬ ያየው የለም። መብራቶቹ ተሰቅለዋል፤ ቤታችን መብራት በሌለ ጊዜ እንኳ እነሱ ይበራሉ፤ እኛም በመስኮት እያየናቸው እራት እንበላለን። ሽንት ቤቱ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተይዟል ስለተባለ፣ የቅቤ ሴቶችም እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ይዘው እየጠበቁ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ በረንዳዎቹ። የመንገዳችን ሱቆች ሁሉ በፊታቸው የቆርቆሮ በረንዳ ነበራቸው። እግረኛው ሰፊ መንገድ እንዲያገኝ ተብሎ በአንድ ሳምንት ፈረሱልን። መንገዱ መስፋቱን ማንም አይክድም። ስፋቱንም በደንብ የምናየው ዝናብ ሲጥል ነው፤ ገበያተኛው ከዳር እስከ ዳር ሮጦ የሚጠለልበት ሲያጣ፣ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ራሳቸው ሲረጥቡ። በበረንዳዎቹ ምትክ የተተከሉት ዘንባባዎች ብርዳችንን አልቻሉትም። በላስቲክ አበባ መተካታቸው ብልህነት ነው፤ ላስቲክ ውኃ አይጠይቅም።

ልብስ ሰፊው መሐመድአሚን በፈትሁዲን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ የመጀመሪያ ሱሪውን የለበሰው ከእሱ እጅ ነው። በረንዳው ሲፈርስ መኪናውን በጋሪ ጭኖ፣ «ችግር የለም፣ ቤት ሆኜ እሰፋለሁ፤ ደንበኛ ያውቀኛል» እያለ ሄደ። ደንበኛ ያውቀው ነበር፤ ቤቱን ግን የሚያውቀው አልነበረም። አንዳንድ ቀን ባዶ እጁን ይመጣና በረንዳው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ከፈትሁዲን ጋር ያወራ ነበር። ፈትሁዲን በርጩማ ሲያወጣለት ደንብ አስከባሪዎች የእግረኛ መንገድ ነው ብለው በርጩማውን ወሰዱት። ስለ ሰውየው እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች። ከደቡብ አፍሪካ በሚመጣ ገንዘብ የተሠሩት ባለ ፎቅ ቤቶች ለከተማችን ትልቅ ጌጥ ናቸው። መስታወታቸው ያበራል። ውስጣቸው ባዶ ነው። ባለቤቶቻቸው ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ በዓል መጥተው ቁልፉን ያዞሩታል፤ በዓሉ ሲያልፍ መልሰው ያዞሩታል። ክቡርነትዎ ባወጡት ደንብ መሠረት ከጠዋት እስከ ማታ በሩን ያልከፈተ ሱቅ ይቀጣል፤ ነገር ግን መስታወት በር ውስጡን ስለሚያሳይ እንደ ክፍት እንደሚቆጠር ተረድተናል። ውስጡ የሚታይ ግን ምንም የለም። እኛ ደግሞ ውስጣችን ሰውና ዕቃ አለ፤ በራችን እንጨት ስለሆነ ግን እንደ ዝግ እንቆጠራለን። በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት በተሰቀለው ትልቅ ሥዕል ላይ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንገዳችን ላይ ሲንሸራሸሩ ይታያሉ። ሥዕሉ ሥር ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ከመካከላቸው የማውቀው ልጅ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው። የለም።

አራተኛ፦ ስለ ግማሽ በር። እርስዎ ወደ ከተማችን የመጡት በሹመት ስለሆነ ይህን ሥርዓት የነገረዎት ሰው ላይኖር ይችላል። ጥፋቱ የእኛ ነው። በዚህ መንገድ ላይ መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት ሰዎች ከአንድ ቦታ የመጡ አልነበሩም። ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ስልጤው፣ ከሸዋ የመጣውም አማራ እያንዳንዱ የየራሱ ቀብርና የየራሱ ጸሎት ነበረው። በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። ከመንገዱ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ጨው ልትገዛ ከሩቅ የመጣች ሴት ባዶዋን እንዳትመለስ ሱቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሞት እንዳልነበረ ሆኖም አይከፈትም። ሁሉም የግራውን ክንፍ ይዘጋል። ገበያተኛውም ግማሽ በር ባየ ጊዜ ሸክሙን አውርዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ያን ቀን ዋጋ አይከራከርም። ከቀብር ሲመለሱ በመጀመሪያ የሚከፈተው የሐዘንተኛው ክንፍ ነው። የሚከፍተው ግን ሐዘንተኛው አይደለም፤ የቀበረ ጎረቤት ነው። ገፋ አድርጎ ይከፍትና «ቀብረነዋል» ይላል፤ ከዚያ ገብቶ አብሮ ይቀመጣል። ሌሎቹም የየራሳቸውን ይከፍታሉ። ሐዘንተኛው በገዛ እጁ የከፈተ እንደሆነ ግን፣ ሟቹን ሳይቀብር አውጥቶ እንደ ጣለው ይቆጠራል።

ባለፈው ሚያዝያ መሐመድአሚን ሞተ። የራሱ ሱቅ ስላልነበረው የሐዘኑ በር የፈትሁዲን በር ሆነ፤ እኛም እንደ ወጉ ከጠዋት ጀምሮ የግራውን ክንፍ ዘጋን። በእስልምናው ሥርዓት ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም መልሶ ይከፈት ነበር። እንደ ክፉ አጋጣሚ ግን ያ ቀን የነቃውን መንገዳችንን ለማየት እንግዶች ከዞን የመጡበት ቀን ነበር። ክቡርነትዎ ከእንግዶቹ ጋር ከመኪና ወርደው መንገዱን ሲያዩ፣ ከላይ እስከ ታች በር ሁሉ ግማሽ በግማሽ ተዘግቶ አገኙት። አንድ ሰው እንኳ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ የመንገዱ ሴት ሁሉ በነገረችዎት። ነገር ግን እንግዳ ይዞ መጠየቅ እንደማይመች ይገባኛል። ስለዚህ አድማ ነው ተባለ። ወንዶቹ ቀብር ላይ ሳሉ የማዘጋጃ ቤቱ ግብረ ኃይል መጥቶ ሱቆቹን አሸገ። ከመቃብር የተመለሱት ሰዎች የፈትሁዲንን ክንፍ ሊከፍቱ ሲመጡ «ታሽጓል» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት በሁለቱ ክንፎች መጋጠሚያ ላይ ተለጥፎ አገኙ። ከበቡሽ ወረቀቱን በመዳፏ እያሻሸች፣ «ይኸው፣ መንግሥትም ለመሐመድአሚን አዘነለት፤ ከኛ አስበልጦ ሙሉውን ዘጋው» አለች። ስለ ሐዘን ተካፋይነትዎ በሟቹ ቤተሰብ ስም አመሰግናለሁ።

እኔ ያን ቀን በሬን መንካት አላስፈለገኝም፤ ድሮም ግማሹ ተዘግቶ ነበርና። ይህ ደግሞ ነገሬን አባሰው። ግብረ ኃይሉ የግራውን ክንፍ ማጠፊያ ሲያይ ዝጎ ስላገኘው፣ አድማውን ከሁሉ ቀድሜ የጀመርኩት እኔ መሆኔን ደረሰበት። በስብሰባ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ የማላውቅ ሴት የአድማ መሪ ተብዬ ስጠራ ፈትሁዲን ከነሐዘኑ ሳቀ። «እትዬ ጵርስቅላ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆንሽን ደብቀሽን ኖረሻል!» አለኝ። እኔም ብዙ ጊዜ ስቄ ስለማላውቅ፣ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሁለተኛ ግማሽ በር ላይዘጋ እየፈረመ ሱቁ ተከፈተለት። ፈትሁዲንም ፈረመ። ፈርሞ ሲመለስ በሬ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም። አልተቀየምኩትም፤ ልጆች አሉት። እኔ ብቻ መፈረም አቃተኝ፤ የእኔ እሽግ ለጊዜው ተነሣልኝ፣ ማስጠንቀቂያው ግን ተከትሎ መጣ። ከሌሎቹ የተለየሁ ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስልዎ። ሌሎቹ የፈረሙት ወደፊት ላለመዝጋት ነው፤ እኔ የምፈርመው የተዘጋውን ለመክፈት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም።

ተረፈ የሚባል አንድ ልጅ ነበረኝ። «ነበረኝ» ነው ወይስ «አለኝ» የሚባለው፣ ቢሮዎ ወስኖ ያርምልኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደ መንገዱ ጎረምሶች ሁሉ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ማን ሂድ እንዳለው ለማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ስለማይጠቅም አልጽፈውም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ታንዛኒያ እስኪገባ ድምፁን እንሰማ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ አብረው ከወጡት አንዱ ጆሃንስበርግ ደርሶ ደወለና፣ የታንዛኒያ ድንበር አጠገብ ያለ ጫካ ውስጥ ፖሊስ ሲያባርራቸው ሁሉም በየአቅጣጫው መሮጡን ነገረን። «እማማ፣ ከኋላዬ ነበር። ዞር ስል የለም» አለኝ። ሌላ የሚያውቀው አልነበረውም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰውም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት እጄ የቀኙን ክንፍ ከፍቶ የግራውን ተወው። አስቤበት አልነበረም። አበራ ዶማዎቹን ሊያወጣ ሲል አየኝ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

የገመዱን ጥቅል ወደ ውጭ ማውጣቴን ቀጠልኩ።

«ካልሞተ ክፈቺው። ከሞተ ደግሞ ንገሪኝ፣ እኔም ላልቅስ።»

ሁለቱንም አልቻልኩም። አበራ ዶማዎቹን በቀኙ በኩል አወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ በሩ አላነሣም። ጎረቤቶቼ አይተው፣ አንዳችም ሳይጠይቁ፣ የየራሳቸውን ግራ ክንፍ ዘጉ። ቀብር ስላልነበረ ግን መልሰው የሚከፍቱበት ሰዓት ጠፋቸው። ቀኑ ሲገፋ አንድ በአንድ፣ እኔን ላለማየት አንገታቸውን እየደፉ ከፈቱ። የእኔ እንደተዘጋ ቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ አበራ ታሞ ሞተ። ቀብረውት ሲመለሱ ፈትሁዲን እንደ ሥርዓቱ ሊከፍትልኝ ቀድሞ መጣ፤ እጁንም ክንፉ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቆመ። እኔ ከውስጥ ሆኜ የጣቶቹን ጥላ በስንጥቁ አየው ነበር። ክንፉ የተዘጋው ለልጁ ነው፤ እሱ የቀበረው አባትየውን ነው። ለአባትየው ቢከፍት ልጁንም ቀብረነዋል ማለት ሊሆንበት ነው። እጁን አነሣ፤ በቀኙ ክንፍ ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ «ቀብረነዋል» ሳይል ቀረ። ስለዚህ ባለቤቴ በመቃብር ቦታው ተቀብሮ በመንገዱ ሥርዓት ግን እስከ ዛሬ አልተቀበረም። እርስዎ በአሥራ አምስት ቀን ክፈቺው ያሉኝ ክንፍ ሁለት ሰው ይዟል።

ልጄን ያልጠየቅሁበት ቢሮ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሆሳዕና ድረስ እየተመላለስኩ ጠይቄያለሁ። አንዱ ቢሮ ሬሳው ሳይታይ ሞተ ማለት አይቻልም አለኝ። ሌላው ቢሮ ራሱ ሳይቀርብ አለ ማለት አይቻልም አለኝ። በቤተ ክርስቲያን በጸሎት ጠብቂ ተባልኩ፤ እየጠበቅሁ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ማንም ሊወስን ያልደፈረውን ነገር፣ የእርስዎ ቢሮ ለመንገዱ ውበት ሲል በሁለት መስመር ወስኖ ስለላከልኝ፣ የቢሮዎን ቅልጥፍና ሳላደንቅ አላልፍም።

ማስጠንቀቂያውን ያመጣልኝ የደንብ ማስከበሩ ኃላፊ ወልደሰንበት የዚሁ መንገድ ልጅ ነው፤ አባቱ እዚሁ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ወረቀቱን ይዞ በቀኙ ክንፍ በኩል ቆመና፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከላይ የመጣ ነው። ገፋ ማድረግ ብቻ እኮ ነው። ከከበድዎት እኔ ልግፋልዎት?» አለኝ። ከበቡሽ ከማዶ ሰምታ ወጣች። «ሞክራታ! እጅህን አሳርፍባትና ልይህ! አባትህ ሲሞት ይሄ መንገድ ሙሉውን ግራ ክንፉን ዘግቶ ነው የዋለው። ማን እንደከፈተላችሁ ሂድና እናትህን ጠይቃት!» ስትለው፣ ወረቀቱን ጆንያዎቹ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እንዲቀጣብኝ አልፈልግም። አባቱ የሞተ ጊዜ በሩን የከፈተላቸው አበራ ነበር፤ ልጁ ይህን እንደሚያውቅ ከዓይኑ አይቻለሁ።

ሕግ አክባሪ ነዋሪ ስለሆንኩ ትእዛዝዎን ለመፈጸም የሚቻለኝን ሞክሬያለሁ። እኔ ራሴ መክፈት ስለማልችል ጎረቤቶቼን ለመንኩ። ፈትሁዲንን በለመንኩት ጊዜ፣ «እትዬ ጵርስቅላ፣ ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ሱቄን ስጠኝ በዪኝ። እኔ የተረፈን ሬሳ አላየሁም» አለኝ። ከበቡሽን ለመንኳት። እሷማ ጮኸችብኝ። «እኔ ነኝ ለልጅሽ መርዶ ነጋሪ? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው! ሂጂ ወዲያ፣ ሁለተኛ እንዳትዪኝ!» ብላ በሯን ዘጋችብኝ፤ ማታ ግን ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች፤ አብረን በላን፤ ስለ በሩ አላነሣንም።

እንግዲህ በመንገዱ ላይ የሚከፍትልኝ እጅ አጣሁ። የቀረኝ አንድ እጅ ነው፤ እሱም ማስጠንቀቂያውን የፈረመው ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ራስዎ መጥተው እንዲከፍቱልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ስለሆነ፣ ማለዳ ቢመጡ ይመረጣል። ብቻዎን አይምጡ፤ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ይምጡ፤ ልማዱ ነው። ካሜራ የሚይዙት ልጆች ግን ቢቀሩ ደስ ይለኛል። እኔ ከውስጥ ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ። ማጠፊያው ስለዛገ በእጅ ብቻ ላይነቃነቅልዎ ይችላል፤ በትከሻዎ ይግፉት። ሲከፈት «ቀብረነዋል» ይበሉ። እርስዎ ባይቀብሩትም ሥርዓቱ የሚጠይቀው ቃል እሱ ነው፤ ቢሮዎም ያላየውን መመስከር ልማዱ ስለሆነ አይከብድዎትም። ከዚያ የሚሰሙት ድምፅ የእኔ ነው፤ እንዳይደነግጡ። ብዙ ዓመት የቆየ ስለሆነ ሊረዝም ይችላል። እስኪያበቃ ድረስ እባክዎ አይሂዱ። በሩን የከፈተ ሰው ገብቶ ይቀመጣል።

ይህን የምለው በሽሙጥ ብቻ እንዳይመስልዎ። ለልጄም ለባሌም ገና አላለቀስኩም። ሐዘን ሲመጣ ዳር ዳሩን እያየሁ፣ ካልሞተስ እያልኩ እመልሰዋለሁ። አንዳንድ ጠዋት፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ሰው መጥቶ ያን ክንፍ ገፍቶ በጣለልኝ እላለሁ። ጠላትም ቢሆን። ማታ ሲሆን ደግሞ ማንም እንዳልነካው አይቼ አመሰግናለሁ። ስለዚህ ቢመጡ በእውነት አልቀየምዎትም፤ ቢቀሩም አልቀየምዎትም። ከሁለቱ አንዱን ግን ያድርጉልኝ። ሊመጡ የማይችሉ ከሆነ፣ ያን ቃል ማለት የሚያስፈራዎ ከሆነ፣ እንግዲያው እኛም የፈራነው እሱን ነውና ማስጠንቀቂያውን ይሳቡልኝ። እንግዳ ሲመጣም «ይህች ሴት ልጇን እየጠበቀች ነው» ብለው ይንገሩልኝ። መንገድ አንድ የምትጠብቅ ሴት ስላለችበት አይሞትም። የሚጠብቅ ሰው ሲያጣ ነው የሚሞተው፤ ይህን እንኳ እንደ ግብዓት ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

የመንገዱ ድንጋይ እንዳይነቀል፣ መብራቱ እንዳይጠፋ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም፣ እናትዎ ጉልበታቸው ጠንክሮ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ እየተመኘሁ፣ ከፊትዎ ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣

የአድማ መሪ የተባልኩት ባለ ግማሽ በሯ ነዋሪዎ፣
ጵርስቅላ ሀንዲሶ

ማሳሰቢያ፦ የታላቅ ወንድምዎ ልጅ ባለፈው ሳምንት በሞያሌ በኩል መውጣቱን ገበያ ላይ ሰማሁ። ጌታ በሰላም ያድርሰው፤ ስሙን ጠይቄ በጸሎቴ ውስጥ ከልጄ ቀጥዬ አስገብቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልምከርዎ። በእነዚህ ቀናት ከማያውቁት የውጭ ቁጥር ስልክ ቢደወልልዎ፣ ስብሰባ ላይም ቢሆኑ፣ ያንሱት።